ነዳጁ ከመፍሰሱ በፊት፦ ሼትላንዶች ከባሕር ነዳጅ እንዴት ተጠቀሙ?

ነዳጅ ወይም የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘበት አካባቢ ነዋሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለእኛስ ምን ይደርሰናል?» ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ተስፋ ነው። ሥራ ይከፈታል፣ መንገድ ይሠራል፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይቆማል ይባላል። ዓመታት አልፈው ሲታይ ግን በብዙ አገር ለነዋሪው የተረፈው በአጥር የተከለለ ግቢ፣ ከባድ መኪና የሚመላለስበት መንገድና በዘበኝነት የተቀጠሩ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ገንዘቡ ወደ ዋና ከተማና ወደ ኩባንያው አገር ይሄዳል፤ ጉድጓዱ ሲነጥፍ ደግሞ ሁሉም ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል።

እንዲህ መሆኑ ግን የግድ አይደለም። በሰሜን አትላንቲክ የሚገኙት የሼትላንድ ደሴቶች ነዋሪዎች በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነዳጅ ሲመጣባቸው ቁጥራቸው 17 ሺህ ገደማ ነበር። የነዳጁ ባለቤት አልነበሩም። ከለንደን መንግሥትም ሆነ ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ጋር የሚመጣጠን ጉልበት አልነበራቸውም። ያም ሆኖ ዛሬ መዋኛ ገንዳዎችና የስፖርት ማዕከሎች፣ ለአረጋውያን መጦሪያ፣ ጥሩ ሙዚየም፣ ከዚህም በላይ በመቶ ሚሊዮኖች ፓውንድ የሚቆጠር የጋራ ተቀማጭ አላቸው። ይህን ያገኙት ኩባንያዎቹ ቸር ሆነውላቸው አይደለም። ነዳጁ ከመፍሰሱ በፊት ሕግ ስላስወጡ፣ ውል ስላስፈረሙና ያገኙትን ስለቆጠቡ ነው።

እንዴት እንዳደረጉት፣ ምን እንዳስከፈላቸውና የት ላይ እንደተሳሳቱ ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሼትላንድ የት ናት?

ሼትላንድ በስኮትላንድና በኖርዌይ መካከል የምትገኝ፣ ከ100 በላይ ደሴቶች ያሏት የብሪታንያ ግዛት ናት። ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ግን 16 ያህል ብቻ ናቸው። ዋና ከተማዋ ለርዊክ ትባላለች። ነፋሱ ስለማያባራ ዛፍ እምብዛም አይበቅልባትም። ሕዝቡ ለዘመናት የኖረው ዓሣ በማጥመድ፣ በግ በማርባትና ከበግ ጠጉር ሹራብ በመሥራት ነው።

ኑሮው ከባድ ስለነበር ወጣቱ ይሰደድ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከ30 ሺህ በላይ የነበረው የሕዝብ ቁጥር በ1960ዎቹ በግማሽ ያህል ቀንሷል። ትናንሽ ደሴቶች ላይ ትምህርት ቤቶች እየተዘጉ፣ ቤቶች ባዶ እየቀሩ ነበር።

በ1971 የሼል ኩባንያ ከደሴቶቹ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከ180 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ብሬንት የተባለውን ትልቅ የነዳጅ መስክ ከባሕሩ ወለል በታች አገኘ። ዛሬ በዜና «የብሬንት ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በበርሜል ይህን ያህል ገባ» ሲባል የምንሰማው ስም ከዚህ መስክ የመጣ ነው። ብዙም ሳይቆይ በዙሪያው ኒኒያንን የመሳሰሉ ሌሎች ትላልቅ መስኮች ተገኙ። ድፍድፉን ከባሕር ወደ ምድር በቧንቧ አምጥቶ ለማጠራቀምና በታንከር መርከብ ለመላክ የሚቀርበው መሬት ሼትላንድ ነበረ።

ነዳጁ የማን ነው?

የጥቅም ክፍፍል ጥያቄ ሁሉ የሚጀምረው ከባለቤትነት ነው። በብሪታንያ ሕግ ከባሕሩ ወለል በታች ያለው ነዳጅ የመንግሥት ሀብት ነው። የመቆፈር ፈቃድ የሚሰጠው ለንደን ያለው መንግሥት ነው፤ ከሚወጣው ምርት ላይ የሚከፈለው ሮያሊቲም የነዳጅ ግብሩም ይገባ የነበረው ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ነው። ለቅርብ ደሴት ነዋሪዎች ከዚህ ላይ ተቆርጦ የሚሰጥ ድርሻ አልነበረም።

የሼትላንድ የአካባቢ ምክር ቤት ይህን ለመለወጥ አቅም እንደሌለው ያውቅ ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን በሌላ በኩል ያዘው፦ የእኛ የሆነው ምንድን ነው? መልሱ ሁለት ነገር ነበር። አንዱ ቧንቧው የሚያርፍበት መሬት ነው። ሁለተኛው ትላልቅ መርከቦች ከማዕበል ተጠልለው የሚቆሙበት ሰለም ቮ የተባለው ጥልቅ የባሕር ሰርጥ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ አየር ኃይል በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖቹን ያሰማራበት የነበረውም ይኸው ሰርጥ ነው። ነዳጁን መቆጣጠር ባይቻል ነዳጁ የሚያልፍበትን በር መቆጣጠር ይቻላል ብለው ተነሡ። የኋላው ስኬት ሁሉ መሠረቱ ይህ ነው።

የ1974ቱ ሕግ

ነዳጅ ተገኘ የሚለው ወሬ እንደተሰማ ከውጭ የመጡ ነጋዴዎች ለተርሚናል፣ ማለትም ለነዳጅ መቀበያና መላኪያ ጣቢያ፣ ይሆናል የተባለውን የባሕር ዳርቻ መሬት ከባለይዞታዎች በውል መያዝ ጀመሩ። ምክር ቤቱ ዝም ቢል ኖሮ መሬቱ በጥቂት ግለሰቦች እጅ ገብቶ ትርፉ ሁሉ የእነሱ በሆነ ነበር። እያንዳንዱ የነዳጅ ኩባንያም በየፊናው የራሱን ቧንቧና ተርሚናል እየዘረጋ ደሴቶቹን ባዘበራረቃቸው።

የምክር ቤቱ የአስተዳደር ኃላፊ ኢያን ክላርክ ነበሩ። በእሳቸው መሪነት ምክር ቤቱ ለብሪታንያ ፓርላማ የራሱን ረቂቅ ሕግ አቀረበ። የአካባቢው የፓርላማ ተወካይና ቀድሞ የሊበራል ፓርቲ መሪ የነበሩት ጆ ግሪሞንድ ደገፉት። ከነዋሪዎቹ መካከል «ምክር ቤቱ መሬታችንን በግድ ሊወስድ ነው» ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ ክርክሩም ቀላል አልነበረም። ሕጉ በ1974 ጸደቀ። በምክር ቤቱ ስም የተጠራው ይህ ሕግ በብሪታንያ የአካባቢ አስተዳደሮች በተለምዶ የሌሏቸውን ሥልጣኖች ለደሴቶቹ ሰጠ።

የመጀመሪያው ለነዳጅ ልማት የሚፈለገውን መሬት ምክር ቤቱ ራሱ ገዝቶ የመያዝ፣ ባለይዞታው እምቢ ካለም በሕግ አግባብ ካሳ ከፍሎ የመውሰድ ሥልጣን ነው። ሁለተኛው የወደብ ባለሥልጣን የመሆን መብት ነው፤ መርከብ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይገባም፣ ዳርቻው ላይም ያለ ፈቃዱ ግንባታ አይካሄድም። ሦስተኛው ከነዳጅ ጋር በተያያዙ ሥራዎች ላይ አክሲዮን የመያዝ መብት ነው። አራተኛው ደግሞ የተገኘውን ትርፍ ለመጪው ጊዜ በተለየ ተቀማጭ የማኖር ሥልጣን ነው።

ምክር ቤቱ በዚህ ሕግ ተደግፎ ኩባንያዎቹን «ተርሚናሉ አንድ ብቻ ይሆናል፤ ሁላችሁም እሱን በጋራ ትጠቀማላችሁ» አላቸው። ኩባንያዎቹም ተስማሙ።

ለምን ተስማሙ? እዚህ ላይ የጊዜ ጉዳይ ወሳኝ ነው። ኩባንያዎቹ በባሕሩ ላይ ከፍተኛ ገንዘብ አፍሰዋል። ድፍድፉ ወደ ምድር ካልመጣ አንድ ሳንቲም አይመለስላቸውም። እያንዳንዱ የዘገየ ወር ኪሳራ ነው። የአካባቢው ሕዝብ የመደራደር ጉልበት ከፍተኛ የሚሆነው በዚህ ጊዜ፣ ቧንቧው ሳይቀበር ነው። ተርሚናሉ ተሠርቶ ታንከሮቹ መጫን ከጀመሩ በኋላ «እስቲ ስለ ድርሻችን እንነጋገር» ማለት «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሆናል።

ገንዘቡ በየት በየት በኩል ገባ?

የሰለም ቮ ተርሚናል ግንባታ በ1975 ተጀመረ። የመጀመሪያው ድፍድፍ በ1978 መጨረሻ በቧንቧ ደረሰ። በግንቦት 1981 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በይፋ መረቁት። በዘመኑ በአውሮፓ ከነበሩት ትላልቅ የግንባታ ሥራዎች አንዱ ነበር። ለአካባቢው ገንዘብ ያስገቡት መንገዶች አምስት ናቸው፤ እያንዳንዱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የወደብ ክፍያ ነው። ወደቡ የምክር ቤቱ ስለሆነ ታንከር በገባና በወጣ ቁጥር ይከፍላል። መርከቦቹን እየመሩ የሚያስገቡት ባለሙያዎችም የምክር ቤቱ ሠራተኞች ናቸው። ከወጪ የተረፈው ትርፍ ወደ ምክር ቤቱ ተቀማጭ ይገባል።

ሁለተኛው የመሬት ኪራይ ነው። ተርሚናሉ የቆመበት መሬት ባለቤት ምክር ቤቱ ነው። የኪራዩ ልክ ግን በቀላሉ አልተቆረጠም፤ ኩባንያዎቹና ምክር ቤቱ ለዓመታት ሲከራከሩበት ቆይተው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። ውል በዝርዝር ሳይጻፍ ግንባታ ሲጀመር ምን እንደሚከተል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሦስተኛው የንብረት ግብር ነው። በብሪታንያ የንግድ ሕንጻና ተቋም ይዘው የሚሠሩ ሰዎች በንብረቱ ግምት መጠን ለአካባቢ አስተዳደር ይከፍሉ ነበር። እንዲህ ያለ ግዙፍ ተርሚናል በትንሽ ግዛት ውስጥ ሲቆም ከእሱ የሚገኘው ግብር ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለደሴት ተሻጋሪ ጀልባዎች ትልቅ አቅም ሆነ።

አራተኛው ለሼትላንድ ልዩ የሆነው ነው። ምክር ቤቱ «የእናንተ ሥራ ኑሯችንን ያውካል፤ ሰላማችንን፣ መንገዳችንን፣ የሰው ኃይላችንን ይሻማል፤ ስለዚህ ለዚህ መስተጓጎል ክፈሉ» ብሎ በ1974 ስምምነት አስፈረመ። ክፍያው የታሰበው በተርሚናሉ በሚያልፈው ድፍድፍ መጠን ነው። ይህ አሠራር ብልህነት አለው። የኩባንያ ትርፍ በሒሳብ መዝገብ ላይ ሊያንስ ወይም ወደ ሌላ አገር ቅርንጫፍ ሊዛወር ይችላል። በቧንቧ ውስጥ ያለፈ ድፍድፍ ግን በመለኪያ የሚታወቅ ስለሆነ ለመደበቅ አይመችም። ክፍያው እስከ 2000 ድረስ ቀጥሎ በድምሩ ወደ 81 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ።

አምስተኛው ሥራ ነው። ብዙ ሰው ነዳጅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሥራ ነው። ይሁንና ሥራ ከአምስቱ ቶሎ የሚቀንሰው ነው። በግንባታው ጊዜ ከ6 ሺህ በላይ ሠራተኞች ነበሩ፤ ተርሚናሉ ሲጠናቀቅ ግን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ብቻ ሆኑ። የነዳጅና የጋዝ ሥራ ገንዘብ እንጂ ብዙ የሰው እጅ አይፈልግም። የቆየው ሥራ በዙሪያው የተፈጠረው ነው፦ የወደብ አገልግሎት፣ ጥገና፣ ትራንስፖርት፣ የምግብ አቅርቦት፣ የሒሳብና የምሕንድስና ሙያ።

ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ?

የመስተጓጎሉን ክፍያ የሚያስተዳድር የበጎ አድራጎት አደራ ተቋም በ1976 ተቋቋመ። ኖርዌይ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን የነዳጅ ፈንዷን በሕግ ያቋቋመችው በ1990 መሆኑን ስናስብ፣ ይህች ትንሽ ግዛት በ14 ዓመት እንደቀደመች እናያለን። ብሪታንያ ራሷ ከሰሜን ባሕር ነዳጅ ያገኘችውን ግዙፍ ገቢ ለትውልድ የሚያቆይ ብሔራዊ ፈንድ አላቋቋመችም።

የተቋሙ መርሕ ቀላል ነው። ዋናው ገንዘብ በአክሲዮንና በቦንድ ላይ ይውላል፤ ከሱ የሚገኘው ትርፍ ለሕዝብ አገልግሎት ይወጣል። ከነዳጅ የገባው 81 ሚሊዮን ፓውንድ ቢሆንም ተቋሙ እስካሁን ለአካባቢው ያወጣው ከ300 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነው፤ ዋናው ተቀማጭም አላለቀም። ነዳጅ አንዴ ከወጣ አይተካም። ወደ ገንዘብ ተለውጦ ሥራ ላይ ሲውል ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሀብት ይሆናል።

ገንዘቡ የዋለባቸው ነገሮች በዓይን የሚታዩ ናቸው። በደሴቶቹ ላይ ስምንት የስፖርትና የመዋኛ ማዕከሎች ተሠሩ። ከእነዚህ አንዱ በሰሜን ጫፍ ባለችው፣ 600 ያህል ሰው በሚኖርባት አንስት ደሴት ላይ ነው። በባሕር ተከቦ የሚኖር ሕዝብ ልጆቹ ዋና የሚማሩበት ቦታ ማግኘቱ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። አረጋውያን ከመንደራቸው ርቀው እንዳይሄዱ በየአካባቢው መጦሪያዎች ተደገፉ። በለርዊክ ቆሻሻ ተቃጥሎ የሚገኘው ሙቀት በሙቅ ውሃ ቧንቧ ቤቶችን የሚያሞቅበት ሥርዓት በ1998 ሥራ ጀመረ። በ2007 የሼትላንድ ሙዚየምና መዝገብ ቤት፣ በ2012 ደግሞ ማሪል የተባለው የሙዚቃና የሲኒማ አዳራሽ ተከፈቱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ውጤት ግን የሕዝቡ ቁጥር ነው። ሲመናመን የነበረው ነዋሪ አንሰራርቶ ዛሬ ወደ 23 ሺህ ይጠጋል። ለትምህርት የሄደ ወጣት ተመልሶ የሚኖርበት ምክንያት አግኝቷል።

ያስከፈለው ዋጋ

ጥቅሙን ብቻ መናገር ማታለል ይሆናል። 17 ሺህ ሰው ባለበት ግዛት ከ6 ሺህ የሚበልጡ የግንባታ ሠራተኞች ሲፈሱ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም። የቤት ኪራይና ዋጋ ናረ። የዓሣ ማዘጋጃና የሹራብ ሥራዎች ከነዳጁ ጋር በደመወዝ መወዳደር አቅቷቸው ሠራተኛ አጡ። ምክር ቤቱ ሠራተኞቹ በጊዜያዊ ካምፖችና ለመኖሪያ በተዘጋጁ መርከቦች እንዲያድሩ ያደረገው መንደሮቹ እንዳይጥለቀለቁና ግንባታው ሲያልቅ ባዶ ሰፈር እንዳይቀር ብሎ ነው።

የባሰው ጉዳት የባሕሩ ነበር። በታኅሣሥ 1978 መጨረሻ፣ ተርሚናሉ ሥራ በጀመረ በሳምንታት ውስጥ፣ ኤሶ በርኒሺያ የተባለች ታንከር ወደ መቆሚያዋ ስትጠጋ ተጋጭታ ከ1,100 ቶን በላይ የመርከብ ነዳጅ ወደ ባሕሩ ፈሰሰ። ቢያንስ 3,700 የባሕር ወፎች ሞቱ። ዳርቻው ላይ ይግጡ የነበሩ በጎችም ተጎዱ።

ነዋሪዎቹ ከዚህ በኋላ ቁጥጥሩን አጠበቁ። ቆሻሻ ውሃ ባሕር ላይ የሚደፉ መርከቦችን ከአየር መከታተል ተጀመረ። በ1977 የተቋቋመው፣ ሳይንቲስቶች የሚገኙበት የአካባቢ ጥበቃ አማካሪ ቡድንም የወፎቹን ቁጥርና የዳርቻውን ሕይወት በየዓመቱ እየለካ ውጤቱን ያወጣል። ልኬቱ ተርሚናሉ ገና እየተገነባ ሳለ ስለተጀመረ ለንጽጽር የሚሆን መነሻ አለ። ነዳጅ ሳይመጣ ውሃውና አፈሩ ምን እንደሚመስል ካልተለካ፣ በኋላ ጉዳት ሲደርስ ማስረጃ ማቅረብ አይቻልም።

ነዳጅ የሚመላለስበት ባሕር አጠገብ መኖር ራሱ አደጋ ነው። በጥር 1993 ከኖርዌይ ተነሥታ ወደ ካናዳ ስትጓዝ የነበረች ብሬር የተባለች ታንከር በማዕበል ተገፍታ በሼትላንድ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ተሰበረች። 84,700 ቶን ያህል ድፍድፍ ፈሰሰ። መርከቧ ወደ ሰለም ቮ የምትሄድ አልነበረችም፤ ጉዳቱ ግን በደሴቶቹ ላይ ወደቀ። ኃይለኛው ማዕበል ድፍድፉን ፈጥኖ ስለበተነው ከተፈራው ያነሰ ጥፋት ቢደርስም ዓሣ አርቢዎችና አጥማጆች ተጎድተዋል።

ያልተሳካው

ሼትላንድም ያላደረገችው ነገር አለ። የአደራ ተቋሙ ባለአደራዎች ለረዥም ጊዜ የምክር ቤቱ አባላት ራሳቸው ነበሩ። ገንዘብ ሰጪውም ተቀባዩም አንድ ሰው ሲሆን የጥቅም ግጭት ይፈጠራል። የስኮትላንድ የበጎ አድራጎት ተቋማት ተቆጣጣሪ ጉዳዩን ካነሣ በኋላ አስተዳደሩ ተለውጦ ከምክር ቤት ውጭ የሆኑ ባለአደራዎች አብላጫውን ያዙ።

ምክር ቤቱም ከጊዜ በኋላ ከተቀማጩ አብዝቶ ማውጣት ለምዶ ስለነበር ከ2010 በኋላ በጀቱን መቁረጥ ግድ ሆነበት። ተቀማጭ ያለው አስተዳደር ሁሉ ይህ ፈተና ይገጥመዋል፤ የሚያማምር አገልግሎት መክፈት ቀላል ነው፣ በየዓመቱ ወጪውን መሸፈን ግን ከባድ ነው።

ሌላው የሚያሳዝን እውነት አለ። ያን ሁሉ ጋዝና ነዳጅ ያሳለፈች ግዛት ለነዋሪዎቿ የቤት ጋዝ መስመር የላትም። ነፋሻና ቀዝቃዛ በሆኑት በእነዚህ ደሴቶች ብዙ ቤተሰብ ለማሞቂያ የሚያወጣው ገንዘብ ከገቢው ጋር አይመጣጠንም። ሀብት በደጅ ስላለፈ ብቻ ለቤት አይደርስም።

የነዳጁ ዘመንም እየተገባደደ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በሰለም ቮ በቀን ከአንድ ሚሊዮን በርሜል በላይ ያልፍ ነበር፤ ዛሬ የሚያልፈው የዚያ ጥቂት ክፍል ነው። ተርሚናሉን ለአሥርተ ዓመታት ያንቀሳቀሰው ቢፒ የተባለው ኩባንያ በ2017 መጨረሻ ኢንኩዌስት ለተባለ አነስተኛ ኩባንያ አስረከበ። የቆጠቡት ገንዘብ ትርጉሙ የሚታየው አሁን ነው።

ሌሎችስ እንዴት አደረጉ?

ሼትላንድ የመረጠችው ገንዘቡን በጋራ ማዋልን ነው። የአሜሪካዋ አላስካ ግዛት ሌላ መንገድ ሄዳለች። እዚያ ነዳጅ የተገኘበት መሬት የግዛቲቱ ስለሆነ ሮያሊቲው ለእሷ ይገባል። በ1976 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከማዕድን ሮያሊቲ ቢያንስ 25 በመቶው በቋሚ ፈንድ እንዲቀመጥ ደነገገች። ከ1982 ጀምሮ ከፈንዱ ትርፍ ለእያንዳንዱ ነዋሪ፣ ለሕፃናት ጭምር፣ በየዓመቱ ክፍያ ይሰጣል። የመጀመሪያው 1,000 ዶላር ነበር፤ በ2022 ደግሞ 3,284 ዶላር ደርሷል። ድሀ ቤተሰብ በእጁ ገንዘብ ያገኛል። ነገር ግን የክፍያው መጠን በየዓመቱ የፖለቲካ ንትርክ ያስነሣል፤ ለትምህርትና ለመንገድ የሚቀረውንም ይሻማል።

በዚያው በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ የሚኖሩት የኢኑፒያት ተወላጆች ከዚህ የተለየ ዘዴ ነበራቸው። ፕሩዶ ቤይ በተባለው ቦታ በ1968 ነዳጅ ሲገኝ፣ በ1972 የራሳቸውን የአካባቢ አስተዳደር መሠረቱ፤ የመጀመሪያው ከንቲባ ኤበን ሆፕሰን ነበሩ። ኩባንያዎቹ በፍርድ ቤት ቢሞግቱም አስተዳደሩ ጸና። በነዳጅ ተቋማቱ ላይ በጣለው የንብረት ግብር በበረዷማዎቹ መንደሮች ትምህርት ቤት፣ የውሃ መስመርና ክሊኒክ ሠራ።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል ኬንያ አለች። በቱርካና፣ በሎኪቻር አካባቢ በ2012 ነዳጅ ተገኘ። በ2018 ድፍድፉን በቦቴ መኪና ወደ ሞምባሳ ማጓጓዝ እንደተጀመረ፣ ነዋሪዎች ስለ ጸጥታና ስለ ጥቅም ያነሡት ቅሬታ መንገድ እስከ መዝጋት ደርሶ ጉዞው ለሳምንታት ተቋረጠ። በ2019 የወጣው የነዳጅ ሕግ ከመንግሥት ድርሻ 75 በመቶው ለብሔራዊው መንግሥት፣ 20 በመቶው ለካውንቲው፣ 5 በመቶው ለአካባቢው ማኅበረሰብ እንዲሆን ወሰነ። ድርሻው በሕግ መጻፉ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም የመቶኛ ቁጥር ብቻውን ጥቅም አይሆንም። ገንዘቡን ማን ይቀበላል? በማን ስም ይቀመጣል? ማን ይቆጣጠራል? እነዚህ ካልተመለሱ 5 በመቶ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የኛ አገር ጉዳይ

በሶማሌ ክልል በካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ መኖሩ የታወቀው ከንጉሡ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ነው፤ ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ፣ በመስከረም 2018 ዓ.ም.፣ የካሉብ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። ስለዚህ የሼትላንድ ታሪክ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

መነሻችን ግን ይለያያል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። አንቀጽ 98 ከነዳጅና ከጋዝ ሥራ የሚገኘውን የገቢ ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ የፌዴራል መንግሥትና ክልሎች በጋራ እንደሚጥሉና እንደሚሰበስቡ ይደነግጋል። በአንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት አላቸው። ሼትላንዶች በ1974 ታግለው ያገኙት ዓይነት መሠረት በከፊል በእኛ ሕግ ውስጥ ተጽፏል ማለት ነው። የሚቀረው ከክልል በታች ያለው ነው፦ ወረዳው፣ ቀበሌው፣ ግመሉንና ፍየሉን ጉድጓዱ አጠገብ የሚያሰማራው አርብቶ አደር።

ከሼትላንድ ታሪክ አምስት ጥያቄዎች ይወጣሉ፤ ማንኛውም ጋዝ፣ ነዳጅ ወይም ማዕድን የተገኘበት አካባቢ ነዋሪ ለአስተዳዳሪዎቹና ለተወካዮቹ ሊያቀርባቸው ይገባል።

አንደኛ፣ ኩባንያው ያለ እኛ ሊያደርገው የማይችለው ነገር ምንድን ነው? መሬት ነው፣ ውሃ ነው፣ መንገድ ነው፣ ወይስ ሰላም? የመደራደሪያ አቅም የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ የአካባቢው ክፍያ የሚታሰበው በምን ላይ ነው? በትርፍ ከሆነ ትርፉን ማን ይመረምራል? በሚወጣው መጠን ከሆነ መለኪያውን ማን ያነብባል?

ሦስተኛ፣ ከገቢው ስንት እጁ ዛሬ ይወጣል፣ ስንት እጁ ይቀመጣል? የጋዝ ጉድጓድ ዕድሜ አለው፤ ልጆቻችን ጉድጓዱ ሲዘጋ በምን ይኖራሉ?

አራተኛ፣ ውሃው፣ አፈሩና ግጦሹ ዛሬ ተለክቷል ወይ? ልኬቱን የሠራው ከኩባንያውም ከአስተዳደሩም ነጻ የሆነ አካል ነው?

አምስተኛ፣ ገንዘቡን የሚያስተዳድሩት እነማን ናቸው? ሒሳቡስ ነዋሪው በሚያውቀው ቋንቋ በየዓመቱ ይነገራል?

እነዚህን ለመጠየቅ የምሕንድስና ወይም የሕግ ዲግሪ አያስፈልግም። የሼትላንድ ዓሣ አጥማጆችና በግ አርቢዎችም ስለ ነዳጅ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። የሚያውቁት አገራቸውን ነው፤ የጎደላቸውን እውቀት ሕግና ሒሳብ የሚያውቁ ሰዎችን ከጎናቸው አሰልፈው አሟሉ።

ኩባንያ የሚሠራው ለባለአክሲዮኖቹ ነው፤ የሚሠራው ትምህርት ቤትና የሚቆፍረው የውሃ ጉድጓድ መልካም ቢሆንም ስጦታ ነው፣ ስጦታ ደግሞ በሰጪው ፈቃድ የሚቆም ነው። መብት ግን በሕግ የተጻፈ፣ በውል የተፈረመና በፍርድ ቤት የሚጠየቅ ነው። ሼትላንዶች የጠየቁት መብት ስለነበረ የነዳጁ ፍሰት ቀንሶም አገልግሎታቸው ጨርሶ አልተቋረጠም። በአገራችን ጋዙ መውጣት በጀመረበት በዚህ ወቅት፣ የአካባቢው ሕዝብ ድርሻ በዝርዝር ተጽፎ፣ ለሁሉም ተነብቦ መታወቅ አለበት። ቧንቧ ተቀብሮ ምርቱ ከበዛ በኋላ ይህንኑ መጠየቅ እጅግ ይከብዳል፤ ዛሬ ግን ጊዜው አላለፈም።